የምስጋና ገጽ

መጽሐፍ የማነበው ከምስጋናው ገጽ ጀምሬ ነው። ሌላው አንባቢ ይዘለዋል፤ እኔ ግን ደራሲውን የማውቀው እዚያ ላይ ነው። ስለ ጭቆና አራት መቶ ገጽ የጻፈ ሰው፣ ጽሑፉን በታይፕ የመታችለትን ሚስቱን በመጨረሻው መስመር ያመሰግናታል፤ እሱንም «ለትዕግሥቷ» ብሎ። ስለ ቅኝ ግዛት የጻፈው ደግሞ ገንዘብ የሰጡትን ድርጅቶች በሙሉ ስማቸው ከዘረዘረ በኋላ፣ መንገድ የመሩትን፣ የተረጎሙለትን፣ ከውሻ ያስጣሉትን ሰዎች «የአካባቢው ረዳቶቼ» ብሎ አንድ ጆንያ ውስጥ ይጨምራቸዋል። እኔ ከጆንያው ውስጥ ካሉት አንዷ ነኝ።

ደብረ ታቦር ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ከበዓልና ከለቅሶ ቀን በቀር ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አልቀርም። መጀመሪያ አላስገባም ብለውኝ ነበር። ተማሪ አይደሉም፣ ሠራተኛ አይደሉም፣ ምን ሊሠሩ ነው አሉኝ። ላነብ ነው አልኩ። መልሱ ስላልጣማቸው ከቀበሌ ደብዳቤ ያምጡ፣ ከቀድሞ መሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ ያምጡ፣ ፎቶ ይጨምሩ እያሉ አንድ ክረምት አመላለሱኝ። ደብዳቤውንም ፎቶውንም አመጣሁ። አሁን የበሩ ጥበቃ ያውቀኛል። ቦርሳዬን ሲፈትሽ ከመነጽሬና ከመዝገበ ቃላቴ ሌላ ሁልጊዜ የሚያገኘው አንድ ነገር ነው፤ በፌስታል የተጠቀለለ ቅቅል ድንች። ወንድሜ በምርት ጊዜ ከገጠር ጆንያ ሙሉ ይልክልኛል፤ ምሳዬ እሱ ነው።

«እማማ፣ ምግብ አይገባም» አለኝ በመጀመሪያው ቀን።

«ምግብ መች ሆነና። ድንች ነው።»

ሳቀና አሳለፈኝ። እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር ይህንኑ ይለኛል፣ ይህንኑ እመልስለታለሁ። እማማ መባልን ግን አልወድም። ዕድሜዬን ሙሉ ቲቸር ስባል ኖሬ፣ ደመወዜ ወደ ጡረታ በዞረ ማግስት የአገሩ ሁሉ እናት የሆንኩበት ምክንያት አይገባኝም።

የምቀመጠው ከመስኮቱ ሥር፣ ማንም ከማይነካው መደርደሪያ ፊት ለፊት ነው። ስለ ቅኝ ግዛት፣ ስለ ልማት፣ ስለ መደብ፣ ስለ ሥልጣን የተጻፉት የተደረደሩት እዚያ ነው። ከውጭ በእርዳታ የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ የሌላ አገር ቤተ መጻሕፍት ማኅተም አለባቸው፤ እዚያ ቦታ ሲያጣብቡ ለእኛ ተላኩ። ስለ ብዝበዛ የሚናገሩ መጻሕፍት የሰው ትራፊ ሆነው እዚህ መድረሳቸውን ከደራሲዎቹ አንዱም አልጻፈበትም። አንድ ቀን ከሌላ ክልል የመጣ ወጣት መምህር አጠገቤ ቆመና የያዝኩትን አየ።

«እማማ፣ ይገባዎታል?»

«አንተስ?»

ኮርሱን ወስጄዋለሁ አለኝ። እንግዲያው ይህ ሰውዬ ምን እያለ ነው ብዬ ገጹን አዞርኩለት። ትንሽ አየውና «በአጠቃላይ ስለ ልማት ነው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄድ በሌላኛው መደርደሪያ በኩል ይዞራል።

ብዙ አንብቤያለሁ። ከብዙው ያተረፍኩት ጥቂት ነው። ገበሬው ይላሉ፤ ገበሬው አንድ ሰው ይመስል። ሚስት የሌለው፣ በጎረቤቱ የማይቀና፣ ስም የሌለው አንድ ሰው። ሁለት ጥማድ በሬ ያለውም፣ በሬ ለምኖ የሚያርሰውም ያው ገበሬው ነው። ገበሬው ያስባል፣ ገበሬው ይፈራል፣ ገበሬው ለውጥ አይወድም። ሌላው ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ ሰው ምን ለማለት እንደፈለገ በሚለው ላይ ከሌላ ምሁር ጋር ይጣላል። ሁለቱ ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ሲጣሉ፣ መጽሐፉ ስለ እሱ ነው የተባለው ሕዝብ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ልማትን የሚያወድሱ አሉ፣ ልማትን የሚረግሙ አሉ። ቧንቧ ቢገባልሽ ትወጂያለሽ ወይ ብሎ ውሃ የምትቀዳዋን ሴት የጠየቀ ግን ከሁለቱም ወገን አላጋጠመኝም። ስለ እኛ ደጋ የሚጽፉትማ አጀማመራቸው ሁሉ አንድ ነው፤ ጋፋት። ነጮቹ ለንጉሡ መድፍ ያቀለጡበት ኮረብታ፣ የዘመናዊነት ጅማሮ፣ የጠፋው ዕድል። ጋፋት ዛሬ የገብስ ማሳና የእግር መንገድ ነው። ይህን ለማየት ግን ከመኪና መውረድ ይጠይቃል።

አንድ መጽሐፍ ብቻ አክብሬያለሁ። ደራሲው ደሴት ላይ ተወልዶ በገዢዎቹ አገር የተማረ ሰው ነው። ተምሮ ሲመለስ እናቱ የተለመደውን ወጥ ሠርታ፣ እሱ ግን አይወደው ይሆናል ብላ ፈርታ፣ ሌላ ምግብ ከጎረቤት እንዳስመጣችለት ይናገራል። በስድስት መስመር ነው የጻፈው። የቀረውን ምዕራፍ ከዚያ በኋላ ቢተወው ይሻል ነበር፤ ግን ስድስቱን መስመር አልረሳለትም።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ለእውቀት ብዬ አይደለም። የምፈልገው ነገር ነበረኝ። ሦስት ደብተሮቼን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ የመሬት ድልድል በተደረገ ማግስት፣ አብሮኝ የተማረ አንድ ሰው ከውጭ አገር ተመለሰ። ትምህርት ቤት ሳለን እኔ አንደኛ ስወጣ እሱ ሁለተኛ ነበር። እኔ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ፣ እሱ ወደ ውጭ ሄደ። የተመለሰው ስለ ገጠር ሥልጣንና መደብ ጥናት ሊሠራ ነው። ባላገር ለመምሰል በረባሶ ጫማ አድርጎ፣ በቅሎ ሲቀርብለት እንቢ ብሎ በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ሰዎቹ ምን አጥፍተን ነው በቅሏችንን የናቀው እያሉ ይጨነቁ ነበር። ክረምቱን እንዳግዘው ጠየቀኝ። የመረጠው ደብር እኔ የተወለድኩበት ነበር፤ ከጋፋት ማዶ፣ ከከተማ ሁለት ሰዓት በእግር። አንቺን ያውቁሻል፣ አይፈሩሽም አለኝ።

ምን እንደተፈጠረ ለመረዳት አውጫጭኝን ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ አገር ከብት ሲሰረቅ ወይም ክምር ሲቃጠል፣ ያደረገው ሰው ካልታወቀ የደብሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። በዕድሜ ተራ ይቀመጣሉ። ሁሉም በየተራው ይነሳና ያየሁትም የሰማሁትም የለም ብሎ ይምላል። በአደባባይ የሰው ስም የሚጠራ አይኖርም። የሚያውቅ ሰው ካለ ኋላ በስውር ለተመረጡ ሰዎች ሹክ ይላል። እነሱን ወፍ እንላቸዋለን። ወፍ የሰማውን ለዳኞቹ ያደርሳል፤ ማን እንደነገረው አይወጣም።

ምሁሩ ያደረገው የቡድን ውይይት ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ወንዶቹን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ሜዳ ሰበሰበለት። ከከተማ የመጣ ሰው፣ ወረቀት የያዘ፣ መሐል ላይ ቴፕ የተቀመጠ። ሰዎቹ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ በዕድሜ ተራ ተቀመጡ። እሱም ጠየቀ፤ በድልድሉ የተጎዳ አለ ወይ፣ የተጠቀመስ ማን ነው። የመጀመሪያው ሽማግሌ ተነሱ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ እኔ ያየሁትም የሰማሁትም የለም አሉና ተቀመጡ። ቀጣዩም እንዲሁ። እስከ መጨረሻው ጎረምሳ ድረስ ሁሉም ያንኑ አለ። ምሁሩ ደስ ብሎት ይጽፋል።

ስንመለስ መንገድ ላይ ነገርኩት። አውጫጭኝ የተጠራ መስሏቸው ነው፣ የመለሱልህ ለጥያቄህ አይደለም አልኩት።

«አንቺ ነገር ማወሳሰብ ትወጃለሽ» አለኝ። «መረጃው ራሱ ይናገራል።»

ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩትም። ብቻዬን ወደ ሴቶቹ ሄድኩ። እነሱን የጠየቃቸው አልነበረም። ከምንጩ ዳር፣ ከወፍጮ ቤት፣ ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ እያገኘሁ አነጋገርኳቸው። የማን መሬት እንደተቆረጠ፣ ማን በደርግ ጊዜ ሹም ነበር ተብሎ፣ «ቢሮክራት» በሚል ስም መሬት እንዲቀነስበት እንደተመዘገበ፣ የማን ስም ማታ ኖሮ ጧት እንደጠፋ። ሁሉንም ጻፍኩ። ከሁሉ የከበደኝ የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነገር ነው። ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው። መሬቷን የወሰደባት የባሏ ወንድም መሆኑን፣ ቢሮ ተመላልሶ በስሙ እንዳዛወረው እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነገረችኝ። ያን ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ሰላም ብዬው አላውቅም። ከዓመታት በኋላ ሲሞት ቀብሩ ላይ አልቆምኩም፣ ለቅሶም አልደረስኩም። በደብሩ ሰው ፊት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ ሰው አልነግርም። ምክንያቱን ጠየቁኝ፤ አልተናገርኩም።

ሦስት ደብተር ሞላ። ወረቀት መያዝ ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። የቄስ ትምህርት የተማሩ፣ ጽሕፈታቸው ያማረ ሰው ነበሩ፤ በድልድሉ ጊዜም የኮሚቴው ጸሐፊ ሆነው ያገለገሉት እሳቸው ናቸው። መዝገባቸውን የሚያስሩበት የራሳቸው ቋጠሮ ነበራቸው። በጥጥ ፈትል ሁለት ጊዜ ያዞሩና ጫፉን ወደ ውስጥ መልሰው ይደብቁታል። ሌላ ሰው ከፈታው እንደነበረ አድርጎ ሊያስረው አይችልም። ደብተሮቼን በዚያ ቋጠሮ አስሬ፣ ስሜን ከላይ ጽፌ ለምሁሩ ሰጠሁት። አነበዋለሁ አለኝ። በሳምንቱ ሄደ።

መጽሐፉ የወጣው ከዓመታት በኋላ ነው። እኔ ያገኘሁት ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በዚያ መደርደሪያ ላይ። የምስጋናውን ገጽ ገለጥኩ። የአካባቢው ረዳቶቼ። ቀጠልኩ። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስለ ደብራችን አንድነት ነው፤ የመደብ ልዩነት ያልሰነጠቀው፣ በአንድ ድምፅ የሚናገር ሕዝብ ይለናል። ፕሮፌሰር ያሰኘው ይህ ምዕራፍ ነው አሉ። ያየሁትም የሰማሁትም የለም፣ በእንግሊዝኛ፣ ከግርጌ ማስታወሻ ጋር።

ደብተሮቼ ግን አንድ ቦታ መኖር አለባቸው ብዬ አመንኩ። ይህን ያህል መረጃ እጁ ገብቶ የሚተው ምሁር የለም። ሌላ መጽሐፍ ላይ፣ በሌላ ስም፣ የሌላ አገር ሴቶች አስመስሎ ከቶታል አልኩ። መደርደሪያውን ሙሉ ማንበብ የጀመርኩት ለዚህ ነው። የእሱን ጓደኞች መጻሕፍት፣ የጓደኞቹን ጓደኞች መጻሕፍት አነበብኩ። ቅኝ ገዢው ጥሬ ቆዳውን ወስዶ ጫማውን መልሶ ይሸጣል የሚለው ላይ ስደርስ፣ በደብተሮቼ ያደረገውን ያገኘሁት መሰለኝ። ሌባ ነው አልኩ። ለእህቴ ነገርኩ፣ ለንስሐ አባቴ ነገርኩ፣ ለጥበቃው ሳይቀር ነገርኩ። ጥበቃው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ለምን ሰጡት አለኝ። ድንቼን ይዤ ገባሁ።

ባለፈው ዓመት፣ መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ በተከፈተበት ሰሞን፣ ምሁሩ መጣ። መጽሐፉ በአማርኛ ተተርጉሞ ነበርና ዩኒቨርሲቲው ሊመርቅለት ጋበዘው። አዳራሹ ውስጥ ፎቶው ያለበት ትልቅ ባነር፣ የፕላስቲክ አበባ፣ በየወንበሩ ፊት የታሸገ ውሃ። ምሁሩ አርጅቷል፤ ከዘራ ይዟል። ስለ ሕዝቡ ጨዋነት አንድ ሰዓት ተናገረ። በጋፋት ጀመረ። ያ ወጣት መምህር ከፊት ተቀምጦ ይጽፋል።

ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ። ማይክሮፎኑን አመጡልኝ። አስተናባሪው እማማ ይቀጥሉ አለ።

«ደብተሮቼ የት አሉ?» አልኩ።

ሰው ሳቀ። ምሁሩ መነጽሩን አወለቀና አየኝ፤ ከዚያ ፊቱ በራ። አንቺ ነሽ እንዴ ብሎ ለአዳራሹ ስለ እኔ መናገር ጀመረ። ያኔ ስንት ወንዝ እንዳሻገርኩት፣ በጭቃ ስንት መንገድ እንደሄድን።

«እጄም እግሬም እሷ ነበረች» አለ።

ጭንቅላትህስ ማን ነበር አላልኩትም። ሰው አጨበጨበ። ደብተሮቹን ደግሜ ጠየቅሁ። ወረቀቶቼን በሙሉ ለዚህ ቤተ መጻሕፍት እያበረከትኩ ነው፣ ካርቶኖቹ መጥተዋል፣ ካሉ እዚያ ይኖራሉ አለና ወደ ሌላ ጠያቂ ዞረ። ስንወጣ መጽሐፉን ፈርሞ ሰጠኝ። ለማይረሳው ትብብርሽ ይላል። ስሜን ስቶታል፤ የታናሽ እህቴን ስም ነው የጻፈው።

በሦስተኛው ሳምንት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጠራችኝ። ካርቶኖቹን ስትከፍት ስሜን አይታ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ሦስቱ ደብተሮች፣ ጠርዛቸው ቢጫ ሆኗል፤ በጥጥ ፈትል ሁለት ጊዜ ዞሮ የታሰረ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተመለሰ።

አልተፈታም ነበር።

ያንን ቋጠሮ ፈትተው መልሰው ማሰር ከሚችሉት በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ቤት ከቤት፣ አገር ካገር ይዞት ዞሯል፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልፈታውም። ሌባ ያልኩት ሰው ለስርቆት የሚበቃ የማወቅ ፍላጎት እንኳ አልነበረውም። መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ያነበብኩት ያልተሰረቀ ነገር ስፈልግ ነው። ሠራተኛዋ፣ መልካም ልጅ ናት፣ ቲቸር ውሃ ላምጣልዎ አለችኝ።

ቤቴ ወስጄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሳልፈታው ሰነበትኩ። ብቻዬን መፍታት አልፈለግሁም፤ ቃላቸውን የሰጡኝ ሴቶች ፊት መፈታት አለበት አልኩ። ከእነሱም የቀሩት ጥቂት ናቸው። ያቺ መሬቷን የተቀማችው ሴት ግን አለች ተባልኩ። አሁን እትየ የምንላቸው፣ ሰማንያ የተጠጉ አሮጊት ናቸው። ጠጠር መንገዱ እስከሚያልቅ በባጃጅ ሄድኩ፤ የቀረውን በእግሬ።

ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ አወቁኝ። የጸሐፊው ልጅ አሉኝ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ያን ጊዜ የነገሩኝ ቃል ሰው ሳይነካው እንደተመለሰ፣ አሁን ላነብላቸው እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ጥቅሉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አኖርኩት። እጃቸው ፈትሉን ዳሰሰው። ጣታቸው ቋጠሮው ላይ ቆመ፤ ዞሩበት፤ ጫፉ የተደበቀበትን ቦታ አገኙት።

«ይኸ ያባትሽ ቋጠሮ ነው» አሉ።

ነው አልኩ፤ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ።

«አውቀዋለሁ። መዝገቡን በዚህ አስሮት ነው የመጣው። እፊታችን ፈታው። ስም ሲጠራ ዋለ። የኔ ስም የለም። ትናንት ነበረ፣ ዛሬ የለም።»

አባቴን ሰው «እሱ» ሲላቸው ሰምቼ አላውቅም። ግን እትየ፣ አልኩ፣ መሬቱን የወሰደው የባልዎ ወንድም ነው ብለው ነግረውኛል፤ እዚህ ውስጥ ተጽፏል።

«ታዲያ ምን ልበልሽ? ወረቀት ይዘሽ መጣሽ። ወፍ መሰልሽኝ፤ ላባቷ የምትወስድ ወፍ። ያባትሽን ስም ላንች ልንገር? ዝም ብል ደግሞ ትጠረጥሪኛለሽ። የኔን ስም ጥሪ ያለኝ ራሱ ያ የባሌ ወንድም ነው። እኔን ምንም አያደርጉኝም አለኝ። ያን ክረምት ከነልጆቼ ያበላኝ እሱ ነው እኮ።»

እሳቸው አልቸኮሉም። ጥቅሉን ሳይፈቱ መልሰው ሰጡኝና፣ መሬቷን ታውቂያታለሽ አሉኝ።

«ከምንጩ በታች ያለችዋን። ወንድምሽ ድንች የሚተክልባትን።»

ከዚያ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ዘንድሮው ዝናብ አወሩኝ። አዳመጥኩ። ስነሳ ደብተሩን ትተሽልኝ ትሄጃለሽ ወይስ ትወስጂዋለሽ ብለው ጠየቁኝ። ምን ያደርግልዎታል አልኩ።

«ምንም። ካንች ጋር ምን ያደርጋል ብዬ ነው።»

ይህ ሁሉ ምሁሩን አያነጻውም። ስለ ደብሬ የጻፈው ውሸት ነው፤ ዛሬም ተማሪ ያጠናዋል። እኔ ግን ይህን ሰው ሠላሳ ዓመት የናቅሁት ወንዶቹ የሚፈሩት ማንን እንደሆነ ስላላወቀ ነበር። ሴቶቹ የሚፈሩት ማንን እንደሆነ እኔም አላወቅሁም። እሱ ቢያንስ እንግዳ ነው ማለት ይችላል። እኔ እትየ ዋሹኝ ማለት እንኳ አልችልም፤ ጸሐፊው ልጁን እንደላከ አድርገው ነው ያዩኝ፣ ልጁ ደግሞ ነበርኩ። ቀብሩ ላይ ያልቆምኩለት ሰው ልጆች አሉት። ከመካከላቸው አንዷ ገበያ ላይ ታልፈኛለች፤ ሰላም አትለኝም።

ወደ ከተማ ስመለስ ለወንድሜ ደወልኩለት። ከምንጩ በታች ያለችው መሬት ከእኛ በፊት የማን ነበረች አልኩት።

«ድንቹ አልደረሰሽም እንዴ?» አለኝ።

ደርሶኛል አልኩት፤ ሁልጊዜም ይደርሰኛል። የማን ነበረች አልኩት ደግሜ። አንች ደግሞ መጽሐፉ በዛብሽ፣ አረፍ በይ አለኝና የልጁን ሠርግ ያወራልኝ ጀመር። የአባቴን ጽሕፈት አሰብኩ። እንደዚያ ያማረ እጅ፣ አንድ ስም ሲሰርዝ እንኳ ሥርዝ ድልዙ አይታይም ነበር።

ደብተሮቹን ፈታኋቸው። አነበብኳቸው። ስለ ደፋርነቴ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሴቶቹ እኔ የሰማሁትን ያህል። የእኚያን ሴት ገጽ አልሰረዝኩትም፤ ከሥሩ ባዶ መስመር ነበር፣ እዚያ ላይ የነገሩኝን ሁለተኛውን ቃል፣ የአባቴን ስም ጨምሬ ጻፍኩ። መልሼ ሳስር በቀላል ቋጠሮ አሰርኩት፤ ማንም እንዲፈታው። ለቤተ መጻሕፍቱ ስመልሰው ሠራተኛዋ መደርደሪያ ላይ ለማስገባት ርእስና ደራሲ ያስፈልገዋል አለችኝ። እያሰብኩበት ነው።

በመኸሩ ወንድሜ እንደ ልማዱ ጆንያውን በሚኒባስ ላከ። ከመናኸሪያው ወደ ቤቴ አላስገባሁትም። እዚያው ባጃጅ ላይ አስጭኜ ጠጠር መንገዱ እስከሚያልቅ ወሰድኩት፤ ከዚያ ሁለት ጎረምሶች ተሸከሙልኝ። እትየ ደጃቸው ላይ ነበሩ። ጆንያው ሲወርድ ድምፁን ሰሙ።

«ምንድነው?»

«ድንች ነው፣ እትየ።»

«የማን?»

«ያንቱ ነው።»

አፉን አስፈቱኝ። እጃቸውን ከተው አንድ አወጡ፤ አፈሩን በአውራ ጣታቸው ጠረጉት፣ በጥፍራቸው ጫን ብለው አዩት፣ አሸተቱት። ዘንድሮ ውሃ በዝቶበታል አሉ። ከዚያ ጎረምሶቹን ወደ ጓዳ አስገቡት አሏቸው።

አላመሰገኑኝም።